ቫልቩ ተቀይሮልናል፤ የቀረን ክትትሉ ነው

ይድረስ፦ በድሬዳዋና በሐረር የጤናውን ሥራ ለምትመሩ፣ ለሐኪሞች፣ ለላብራቶሪና ለፋርማሲ ባለሙያዎች

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የምኖር መምህርት ነኝ። አንደኛ ክፍል ነው የማስተምረው። በ2003 ዓ.ም.፣ የ16 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አዲስ አበባ ላይ ደረቴ ተከፍቶ የታመመው የልቤ ቫልቭ ወጣና ሰው ሠራሽ ገባልኝ። ዘንድሮ ከቫልቩ ጋር 15 ዓመት ሞላን።

ድምፅ አለው። ቀን ቀን የከተማው ጫጫታ ይውጠዋል። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ቬንቲሌተሩ ሲቆም ግን ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ትራስ ሥር የእጅ ሰዓት ያስቀመጡ ይመስላል። ባለፈው መስከረም የአንዲት አዲስ ተማሪ ደብተር ላርም ጎንበስ ስል ጆሮዋን ወደ ደረቴ አስጠጋችና «ቲቸር፣ ሰዓትሽን የት ነው የደበቅሽው?» አለችኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ልቤ ውስጥ ትንሽ በር እንዳለችና ስትዘጋ እንደምትጮህ ነገርኳቸው። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ በየተራ እየመጡ ሲያዳምጡኝ ሰነበቱ።

ያ ድምፅ ገና ብዙ ዓመት እንዲሰማ የሚያስፈልገውን አውቃለሁ። በየወሩ አንድ የደም ምርመራ፣ በየማታው አንዲት ክኒን፣ ውጤቱን አይቶ የክኒኑን መጠን የሚያስተካክል አንድ ባለሙያ። ሦስቱ እዚሁ አካባቢያችን፣ ሳይቆራረጡ እንዲገኙ ልለምናችሁ ነው የተነሣሁት።

እንዴት እንደታመምኩ በአጭሩ ልንገራችሁ፤ የብዙዎቻችን ታሪክ አንድ ነውና። ልጅ ሆኜ ጉሮሮዬን ቶሎ ቶሎ ያመኝ ነበር። እናቴ ሎሚና ማር ትሰጠኛለች፣ ያልፋል። አንድ ጊዜ እንጥል ትቆረጥ የሚል ምክር መጥቶ በስንት ልመና ተረፍኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ጉልበቴ አበጠ፤ እሱ ሲሻለኝ ቁርጭምጭሚቴ፣ ቀጥሎ ክርኔ። «ብርድ ነው» ተባለ። በድሬዳዋ ሙቀት ብርድ! ሕመሙ ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ ሲዞር የሩማቲክ ትኩሳት ምልክት ሊሆን እንደሚችል የሚያውቅ ሰው አጠገባችን አልነበረም። ነገሩ የሚጀምረው ስትሬፕቶኮከስ ከሚባል ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው ጉሮሮን ያሳምማል፤ ሰውነት እሱን ሊወጋ ሲነሣ የራሱን ልብ ይወጋል። በብዛት የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። ጉሮሮዬ በታመመ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ብጀምር ኖሮ የሩማቲክ ትኩሳቱን መከላከል ይቻል ነበር። ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ከመጋላ እስከ ከዚራ መራመድ አቃተኝ። ሌሊት ተኝቼ መተንፈስ ስለማልችል ግድግዳ ተደግፌ ነበር የማድረው።

ቀዶ ሕክምናው ሕይወቴን መልሶልኛል። ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ከአገራችን ልጆች ጋር ሆነው ነው የሠሩት። ገንዘቡን ሰፈሩ አዋጣ፤ መስጊድ ደጅም ቤተ ክርስቲያን ደጅም ተለምኖልኛል። እንዲህ ያለ ውለታ በአንድ ወረቀት አይመለስም።

ታዲያ ስወጣ አንዲት ትንሽ ካርድ ተሰጠችኝ። የቫልቩ ዓይነት፣ ቁጥሩ፣ መጠኑና የገባበት ቀን ተጽፎባታል። በፕላስቲክ ለብጬ ከመታወቂያዬ ጋር ይዣት እዞራለሁ። ስለ ቀሪው 15 ዓመት ግን ማንም በደንብ አልነገረኝም። የማውቀውን ያህል ያወቅሁት እያነበብኩ፣ ሐኪሞችን እየጠየቅሁ፣ አንዳንዱንም ዋጋ እየከፈልኩ ነው።

የገባልን ቫልቭ «የብረት» ይባላል እንጂ ሁለቱ ክንፎቹ የተሠሩት በጣም ጠንካራ ከሆነ የካርቦን ዓይነት ነው። እንዲህ ያለ ባለ ሁለት ክንፍ የካርቦን ቫልቭ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ የተገጠመው በ1977 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ነው። ከእሱ በፊት በ1960 እ.ኤ.አ. አልበርት ስታር የሚባል ሐኪምና ሎውል ኤድዋርድስ የሚባል መሐንዲስ በትንሽ ሽቦ ቤት ውስጥ የምትዘል ኳስ ያለችበት ቫልቭ ሠርተው ነበር። መጀመሪያ ከተሳካላቸው ታካሚዎች አንዱ የጭነት መኪና ስምሪት ሠራተኛ ነበር። 10 ዓመት ኖረ። የሞተውም ቤቱን ቀለም ሲቀባ ከመሰላል ወድቆ ነው። ይህን ታሪክ ሳነብ አለቀስኩ። ሰውየው መሰላል ላይ ወጥቶ ቤቱን እስኪቀባ ድረስ ጤነኛ ነበር! በዚያው በኳስ ቫልቭ ከ40 ዓመት በላይ የኖሩ ሰዎችም አሉ።

ዕቃው ቶሎ አያረጅም ማለት ነው። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ከ1977 እስከ 1982 እ.ኤ.አ. ቫልቭ የተቀየረላቸውን 575 ወንዶች 15 ዓመት የተከታተለ ጥናት አለ። በሚትራል ቦታ ላይ፣ ማለትም በልብ ግራ በኩል ባሉት ሁለት ክፍሎች መካከል፣ ከእንስሳ ቲሹ የተሠራ ቫልቭ ከገባላቸው 44 በመቶው ላይ ቫልቩ ራሱ ተበላሸ። ሰው ሠራሹ ከገባላቸው ግን 5 በመቶው ላይ ብቻ። ደም ከልብ ወደ ሰውነት በሚወጣበት በአኦርቲክ ቫልቭ 23 በመቶ ለዜሮ ነበር። የቲሹው ቫልቭ በወጣት ላይ ደግሞ ይበልጥ ቶሎ ይበላሻል። ለ16 ዓመት ልጅ ሰው ሠራሹ የተመረጠው ደረቷ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጊዜ እንዳይከፈት ነው። ያው ጥናት ሌላም ነገር አሳይቷል፦ ሰው ሠራሹን የያዙት የበለጠ ደም ፈሷቸዋል። ምክንያቱ ዋርፋሪን ነው፤ ደም እንዳይረጋ በየማታው የምንውጠው ክኒን።

ደም ባዕድ ነገር ሲነካ ይረጋል። የረጋው ደም ቫልቩን ሊያስረው ይችላል፤ ወይም ተቆርጦ ወደ አንጎል ይሄዳል። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያላቸው 100 ሰዎች ያለ መድኃኒት ቢተዉ በዓመት 4 ያህሉ ከባድ የመርጋት አደጋ ይደርስባቸዋል። ዋርፋሪን ሲወስዱ ቁጥሩ ወደ 1 ይወርዳል። እንደኔ በሚትራል ቦታ ላይ ከሆነ አደጋው በአኦርቲክ ቦታ ላይ ካለው እጥፍ ያህል ነው። 4 ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል። በ15 ዓመት አባዙት። እኛ ደግሞ የተቀየረልን በልጅነታችን ነው፤ 40 እና 50 ዓመት ልንኖርበት ነው የምንመኘው።

አንዲት ጓደኛ አለችኝ፤ ሐረር ጁገል ውስጥ የምትኖር። አዲስ አበባ ጎን ለጎን ተኝተን ነበር፤ ቀዶ ሕክምናችንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። እሷም ሚትራል፣ እኔም ሚትራል። ስፌት ትሰፋለች። የሐረር ሙያ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ስፌቱ ከእህል ቅንጣት የቀጠነ፣ ቀለሙ ዓይን የሚይዝ ነው። ከዓመታት በፊት ዋርፋሪን ከየፋርማሲው የጠፋበት ጊዜ ነበር። «ነገ ይገባል» ይሏታል፣ ነገ ትመለሳለች። የቀሯት ክኒኖች እንዳያልቁባት ግማሽ የምትወስደውን ሩብ አደረገችው። ከዚያ አንድ ቀን እየዘለለች። ሦስት ሳምንት እንዲህ ቆየች። አንድ ጧት የቡና ሲኒ ከእጇ ወደቀ። ልታነሣው ስትል እጇ አልታዘዝ አላት፤ ልትጣራ ስትል አፏ ተሳሰረ።

ተርፋለች፣ አልሐምዱሊላህ። ቀኝ እጇ ግን አልተመለሰም። ስሄድ ጀምራው የነበረው ሙዳይ ከነወስፌው መደቡ ላይ ነው። የእህቷን ልጅ አጠገቧ አስቀምጣ በቃል ታሰፋታለች፤ «እዚህ ጋ አጥብቂው፣ ቀዩን አስገቢ» እያለች። ያን ጊዜ እኔ ቤት ሁለት ሙሉ ስትሪፕ ዋርፋሪን ነበር። አልደወለችልኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት። በመካከላችን የደንገጎን አቀበት መውጣት ብቻ ነበር፤ 50 ኪሎ ሜትር ምናምን። ያስቸግረኛል ሁሌ።

ዋርፋሪን ውድ መድኃኒት አይደለም። አስቸጋሪነቱ ሌላ ነው፤ አንድ መጠን ለሁሉ አይሆንም። የእኔ እሑድና ረቡዕ አንድ ሙሉ፣ በቀረው ቀን ግማሽ ነው። ማታ ማታ ሳህን ገልብጬ ክኒኗን በምላጭ እከፍላለሁ። ለሌላ ሰው ይህ መጠን መርዝ ሊሆን ወይም ምንም ላይሠራ ይችላል። ልኩን የሚነግረን አይ ኤን አር የሚባል የደም ምርመራ ነው። መድኃኒቱን የማይወስድ ጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ነው። የእኔ ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን አለበት። የአኦርቲክ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3። ከታች ከወረደ ይረጋል፣ ከላይ ካለፈ ይፈሳል። በሕክምናው ዓለም ጥሩ ክትትል የሚባለው ታካሚው ከጊዜው ቢያንስ 65 በመቶውን በዚህ መሀል ሲያሳልፍ ነው። በአገራችን የታተሙ ጥናቶች አብዛኞቻችን ከዚያ በታች እንደሆንን ይናገራሉ። ስንፍና አይደለም። ምርመራው ሲጠፋ ልኩን ማን ያውቃል?

የእኔን ልምድ ልንገራችሁ፤ ቦታውን አልጠቅስም፣ ማንንም ልከስ አይደለም የመጣሁት። በቀጠሮዬ ቀን በጧት እሄዳለሁ። «ሪኤጀንት አልቋል» እባላለሁ፤ የመመርመሪያው ኬሚካል ማለት ነው። ወደ ሌላ ቦታ በባጃጅ እሄዳለሁ፤ ማሽኑ ተበላሽቷል። አንድ ጊዜ አንድ የግል ላብራቶሪ 1.1 የሚል ወረቀት ሰጠኝ። መድኃኒቴን አንድም ቀን አላቋረጥኩም። የሰጠኝን ልጅ «ይህ ልክ አይመስለኝም» ስለው «ማሽኑ ነው ያለው እህቴ» አለኝ። በዚያ ወረቀት ክኒኔን ብጨምር ምን እንደሚመጣ አስቡት። በሚቀጥለው ለሊት አውቶቡስ ተሳፍሬ በጭሮ ጠመዝማዛ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ አዲስ አበባ ተመረመርኩ። 2.9 ነበር። ለአንዲት ጠብታ ደም ሦስት ቀን፣ የአልጋ፣ የምግብ፣ የመኪና። ክፍሌ ያለ መምህር። ከገጠር፣ ከጉርሱም ወይም ከጃርሶ የሚመጣውስ?

አሁን ጣት ወግቶ በአንድ ደቂቃ አካባቢ አይ ኤን አር የሚናገር መሣሪያ አለ። በእጅ መዳፍ የሚያዝ ነው፤ እንደ ስኳር መለኪያው። በ2012 እ.ኤ.አ. ላንሴት በሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ 11 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተና ወጥቶ ነበር። ሠልጥነው ራሳቸውን የሚለኩ ታካሚዎች ላይ የመርጋት አደጋ በግማሽ ያህል ቀንሷል። ጥቅሙ በተለይ የጎላው ወጣት በሆኑትና ሰው ሠራሽ ቫልቭ በያዙት ላይ ነው። ያ እኛ ነን። ለእያንዳንዳችን ይገዛልን እያልኩ አይደለም። ለድሬዳዋ አንድ፣ ለሐረር አንድ፣ የመመርመሪያ ስትሪፑ ሳይቋረጥ።

የድሬዳዋ ሰው ስለሆንኩ የምናገረው ሌላ ነገር አለ። እዚህ ሆድ ካመመ አሜባ ነው ይባላል፣ ሜትሮኒዳዞል ይገዛል። እኔም ገዝቼ ዋጥኩ። ፋርማሲው ውስጥ የነበረው ወጣት ሌላ መድኃኒት እንደምወስድ አልጠየቀኝም፣ እኔም ልናገር አላሰብኩም። በሳምንቱ ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ አልቆም ብሎ ደማ። ክንዴ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ጥቁር በለዘ። አይ ኤን አሬ ከ8 በላይ ነበር። ሜትሮኒዳዞልም ባክትሪም የሚባለው አንቲባዮቲክም ዋርፋሪንን በጣም ያበረታሉ። የቲቢው ሪፋምፒሲን ደግሞ በተቃራኒው ያዳክመዋል። እባካችሁ የፋርማሲ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ «ሌላ የምትወስጂው አለ ወይ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ናት።

በ2006 ዓ.ም. ዴንጊ ሲገባ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደግሞ ቺኩንጉንያ ከተማውን ሲያጥለቀልቀው ታስታውሳላችሁ። ቤት ያልነካው አልነበረም። ሰው ሁሉ ጎብጦ ይሄድ ነበር። ያ የመገጣጠሚያ ሕመም ለማንም አይሰጥ። ሁሉም ሰው ዳይክሎፌናክ ይወጋል፣ አይቡፕሮፌን ይውጣል። ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ሁለቱም ጨጓራን ሊያደሙ ይችላሉ፤ ጡንቻ ላይ የሚሰጥ መርፌም ውስጥ ለውስጥ ደም ሊያጠራቅም ይችላል። ዴንጊ ከሆነ ደግሞ በሽታው ራሱ ያደማል። እኔ ያን ሰሞን ፓራሲታሞል እየወሰድኩ፣ እያለቀስኩ ቻልኩት፤ እሱም በልኩ መሆን አለበት። ትንኝ በየዓመቱ አለች። በወረርሽኝ ጊዜ በየጤና ጣቢያው ከምትለጥፉት ማስታወቂያ ላይ «ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ መርፌ ከመወጋታችሁ በፊት ተናገሩ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩልን። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በሐረሪ።

ስለ ምግብና ስለ ልማዳችንም የሚመክረን እንፈልጋለን። «ጎመን አትብሉ» ብቻ ይሉናል። ጾም ሲገባ ሰው ምን ይብላ? እኔ እንደተረዳሁት ጎመን መተው ሳይሆን መጠኑን አለማዘበራረቅ ነው ዋናው። ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳል፤ በሳምንት የምትበላው ያው ከሆነ መጠኑ በእሱ ይስተካከላል። ስለዚህ ዐቢይ ጾም ሲገባና ሲፈታ፣ ረመዳን ሲገባና ሲወጣ አንድ ተጨማሪ ምርመራ ቢኖር ምንኛ ጥሩ ነበር። ጫትም አለ። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። እኔ ዙሪያዬ ያየሁት ግን ሌላም ነው፤ ከሰዓት የቃመ እራት አይበላም፣ እራት ያልበላ የማታ ክኒኑን ይረሳል። ይህን ሳይቆጣ፣ ሳይሰድብ የሚነግር ባለሙያ ቢኖረን።

አንዲት ጎረቤቴ «የአይጥ መርዝ ነው እኮ የምትውጪው» ብላኝ ታውቃለች። ከየት እንደሰማችው አላውቅም፣ ግን ከመሬት ተነሥታ አይደለም። ዋርፋሪን የተገኘው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የተበላሸ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልቆም እያለ ሲሞቱ ምክንያቱን ፍለጋ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. ለአይጥ ማጥፊያነት ወጣ፣ በ1954 እ.ኤ.አ. ለሰው መድኃኒትነት ተፈቀደ። ሁሉን የሚለየው መጠኑ ነው። እንዲህ ተብለው ፈርተው ያቆሙ ሰዎች አውቃለሁ። እውነቱን ቀድማችሁ ብትነግሩን ወሬው አይገድለንም ነበር።

ይህችን ደግሞ አስምሩባት፦ ዋርፋሪን ሲጠፋ «አዲስ መጥቷል፣ ምርመራም አያስፈልገው» ተብለው ሌላ ደም ማቅጠኛ የተሰጣቸው አሉ። አዲሶቹ መድኃኒቶች ለሌላ ሕመም ጥሩ ናቸው። ለሰው ሠራሽ ቫልቭ ግን አይሆኑም። ከአዲሶቹ አንዱ ዳቢጋትራን ተሞክሮ መርጋቱም መድማቱም በዝቶ ጥናቱ ተቋረጠ፤ ውጤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ኤፒክሳባንም ከዚያ በኋላ ተሞክሮ በ2022 እ.ኤ.አ. እንዲሁ ተቋርጧል። ለእኛ ዛሬም ያለው ዋርፋሪን ነው። ምትክ የሌለውን መድኃኒት እንደ ማንኛውም ክኒን ከመደርደሪያ እስኪያልቅ ጠብቆ ማዘዝ አይገባም። ስንት ሰው እንደሚወስድ ካልተመዘገበ ደግሞ ስንት እንደሚታዘዝ ማን ያውቃል? መዝግቡን። ስማችን፣ የቫልቩ ቦታ፣ የቀዶ ሕክምናው ዓመት፣ ስልካችን በአንድ መዝገብ ላይ ይስፈር። ከቀጠሮ ስንቀር የሚደውልልን ይኑር።

የሴቶቹን ጉዳይ ካላነሣሁ ግማሹን ዋሽቻለሁ። የወር አበባችን በዋርፋሪን ምክንያት ይበዛል። ሴት ልጅ ይህን ለወንድ ሐኪም አታወራም፤ ደሟ አልቆ እስክትወድቅ ዝም ትላለች። ሳገባ ስለ እርግዝና ማንም ምንም አላለኝም። ዋርፋሪን በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ፅንሱን ሊጎዳ እንደሚችል የሰማሁት ካረገዝኩ በኋላ ነው። እሱን አጣሁት። ዋርፋሪኑን በራስ ፍርሃት ማቆም ደግሞ እናትየዋን ይገድላል፤ እርግዝና ራሱ ደምን ለመርጋት ያዘጋጃል። ሁለተኛውን አስቀድመን ከሐኪሞች ጋር ተማክረን፣ በቀን ከ5 ሚሊግራም የማያልፍ መጠን ስለሚበቃኝ በቅርብ ክትትል፣ መውለጃዬ ሲቃረብ ሄፓሪን ወደሚባል በመርፌ የሚሰጥ ደም ማቅጠኛ ቀይረውልኝ፣ የመጨረሻዎቹን ወራት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተቀምጬ ወለድኩ። ልጄ አራት ዓመቷ ነው። ደረቴ ላይ ነው እንቅልፍ የሚወስዳት፤ ሌላ ቦታ እምቢ ትላለች። ለሁሉም እንዲህ አይሳካም፤ አደጋው ከባድ ነው። እኔ የምለምነው ቫልቭ የተቀየረላት ልጅ ሁሉ ሳታገባ፣ ሳታረግዝ በፊት አንድ ሰው በር ዘግቶ አስቀምጦ እንዲነግራት ነው። የእርግዝና መከላከያ ምክሩም እዚያው ይሰጣት።

ጥርስ ስናስነቅልም እንዲሁ። ቫልቩ ላይ ጀርም ሰፍሮ የሚመጣው ኢንፌክሽን ገዳይ ነው። ከመንቀል በፊት አንቲባዮቲክ መውሰድ እንዳለብን ብዙ ታካሚ አያውቅም። ዋርፋሪኑንም «ለሳምንት አቁሚ» የሚሉ አሉ፤ ለአንድ ጥርስ ብዙ ጊዜ ማቆም አያስፈልግም፣ አይ ኤን አሩ በልኩ ከሆነ።

ታዲያ ምን ይደረግ? በጣም የማይቻል ነገር አልጠየቅሁም ብዬ አምናለሁ። በሳምንት አንድ ከሰዓት፣ በሁለቱም ከተሞች፣ አንድ ክፍል። አንድ የሠለጠነ ፋርማሲስት ወይም ነርስ፣ ሲያስቸግር የሚደወልለት አንድ ሐኪም፣ ያቺ ጣት የምትወጋ መሣሪያ፣ አንድ መዝገብ። በሌላው ዓለም የዋርፋሪን ክሊኒኮችን በብዛት የሚያንቀሳቅሱት ፋርማሲስቶችና ነርሶች ናቸው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሐረር ላይ ባለው የጤና ኮሌጁ ባለሙያ ያስመርቃል፤ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ። ሰው አላጣንም። ዋርፋሪኑም ቢያንስ የሦስት ወር ያህል መጠባበቂያ ይኑረው፤ ፋብሪካው ሲቀየር ደግሞ ይነገረን፣ አንድ ጊዜ ደማችንን እንድንለካ።

ከጎኑ የልጆቹን ነገር አደራ። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2018 እ.ኤ.አ. በሩማቲክ የልብ ሕመም ላይ ውሳኔ አሳልፏል፤ አገራት እንዲሠሩበት። ሥራው ትምህርት ቤት ነው የሚጀምረው። አንዴ ሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይወጋል፤ ያ መርፌ ሌላ ጥቃት እንዳይመጣና ቫልቩ እንዳይብስ ይጠብቃል። መርፌውን መውጋት የሚፈሩ ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ የሚፈሩበትም ምክንያት አላቸው፣ አለርጂ ቀልድ አይደለም። ግን በሥልጠናና የድንገተኛ መድኃኒት አጠገብ በማስቀመጥ የሚፈታ ፍርሃት ነው። በክፍሌ ውስጥ 52 ልጆች አሉ። ጉሮሮዬን አመመኝ የሚል ልጅ ሳይ የምልክበት፣ «ሎሚ ጠጪ» ብሎ የማይመልሰው ቦታ እፈልጋለሁ። መምህራንን ለማስተማር ፈቃደኛ ከሆናችሁ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ እኔ ነኝ። ክፍል ውስጥ ደረቴን ያዳመጡ ልጆች ምስክሮቼ ናቸው።

የቀኑን ጉዳይ እንኳ ለእናንተ ልተወው። ሐሙስ ከሰዓት ለመምህራን ይመቻል፤ ማክሰኞ ቢሆን ደግሞ ከገጠር ለሚመጡት የገበያ ቀን ከሆነላቸው አብረው ጨርሰው ይመለሳሉ። እኔና የሐረሯ ጓደኛዬ የምናውቃቸውን ታካሚዎች ስምና ስልክ እየሰበሰብን ነው፤ ፈቃዳቸውን ጠይቀን። መዝገቡ ሲከፈት ይዘን እንመጣለን። የእኔ ቀጣይ ምርመራ የፊታችን ወር መጀመሪያ ላይ ነው፤ የአውቶቡስ ትኬት ገና አልቆረጥኩም፣ መልሳችሁን እየጠበቅኩ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት መምህርት፣ ድሬዳዋ ሳቢያን